ግልባጩ የተፈለገበት ምክንያት

«በስምሽ የተከፈተ መዝገብ የለም» አለ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። «በባለቤትሽም ስም ፈልጌያለሁ። የለም።»

«ባለቤቴ አይደለም፤ የቀድሞ ነው» አለች እታለም።

«እሱን የሚለው ወረቀት እኮ ነው የጠፋው!»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። እታለምም ሳቀች፤ ሠራተኛው ለክፋት እንዳልተናገረው ገብቷታል። ወዲያው ቀና ብሎ አያትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ፍቺው የተወሰነው እዚሁ ሆሳዕና ነው?»

«ጊምቢቹ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ግልባጭ የሚሰጠው የወሰነው ፍርድ ቤት ነው። መታወቂያሽን ያዢ። የመዝገብ ቁጥሩን ካወቅሽው በአንድ ቀን ትጨርሻለሽ። ካላወቅሽው የሁለታችሁን ስም እስከ አያት፣ ዓመቱንም ጭምር ይዘሽ ሂጂ።»

እታለም ፍርድ ቤት ሁሉ አንድ መዝገብ ያለው ይመስላት ነበር። ከግቢው ወጥታ አጥሩ ሥር ቆመች። ነሐሴ ነው፤ የትምህርት ቤት መክፈቻ ደርሷል። ገበያው አጠገብ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቋ የተቆረጠ የደንብ ልብስ ጨርቅ እስከ ኮርኒሱ ተከምሮ ይጠብቃታል። ዛሬ ከተመለሰች ግን ሌላ ቀን እንደማትወጣ ራሷን ታውቀዋለች። ወደ መናኸሪያ ሄዳ የጊምቢቹ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። እታለምና መልካሙ ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ነበር። መልካሙ የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። እሱ የሞት ምስክር ወረቀቷን አምጥቶ ነበርና አለፈ። እታለምን «ፍቺሽን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ውሳኔ» አሏት። አልነበራትም። ያኔም አልተቀበለችውም።

የቀድሞ ባሏ ቲቶ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ልጃቸው ማራኪ ገና መራመድ ስትጀምር ነበር። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ፤ ከዚያ ለበዓል ብቻ። በመጨረሻ እዚያው ሌላ ቤት መመሥረቱ ተሰማ፤ ለአባቱም የፍቺ ውክልና ላከ። ጊምቢቹ ችሎት ፊት በልጁ ቦታ የቆሙት አቶ አበራ ነበሩ። ዳኛው «በፍቺው ትስማማላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ ይስማማል» አሉ። እታለምም «እስማማለሁ» አለች። ውሳኔው ሲነበብ ሰማችና ወጣች። ወረቀቱን ቤቷ ማስገባት አልፈለገችም።

ከዚያ ወዲህ ከአማቶቿ ጋር አልተጣላችም። ማራኪ ክረምቱን የምታሳልፈው እነሱ ዘንድ ነው። የቲቶ እናት ወይዘሮ ሊሻን ደግሞ ፍቺውን ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም። «የወንዶች ወረቀት ነው» ይላሉ። መስቀል ሲመጣ ቅቤና ቡላ አስይዘው ይልኩላታል፤ ጃጁራ ገበያ ላይ ሰው ሲጠይቃቸውም «ምራቴ ሆሳዕና ናት፤ ሱቅ አላት» ይላሉ። እታለም አንድም ቀን አላረመቻቸውም። ስለ መልካሙም ትንፍሽ አላለችም።

ጊምቢቹ ስትደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሃቢባ የምትባል፣ ሻርፕዋን በሹራብ ላይ የጠመጠመች ወጣት ናት። ስሟንና ዓመቱን ጽፋ ተቀበለቻትና ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«የዚያን ዓመት መዛግብት ኮምፒውተር ውስጥ አልገቡም። መደርደሪያ ላይ በቁጥር ነው ያሉት። በስም ልፈልግ ካልሽኝ እፈልጋለሁ፤ ግን የዛሬ ሳምንት ነው የምትመጪው። ሌላኛው ወገን ቁጥሩን አይዝም?»

እታለም በረንዳው ላይ ወጥታ ስልኳን ስታገላብጥ ቆየች። ኋላ ለአቶ አበራ ደወለች።

«አባባ፣ እንዴት አረፈዱ? እማማ ደህና ናቸው?»

«እታለም! ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማራኪ ከእኔ ጋር ድንች ስታወጣ ነው ያረፈደችው። ምነው በደህና?»

«በደህና ነው። የዚያ የፍርድ ቤቱ ወረቀት እርስዎ ጋ አለ? ቁጥሩን ብቻ ቢያነቡልኝ። ለማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው። ጊምቢቹ ነኝ።»

«ውሳኔውን ዝናብ አበላሽቶታል። የቀጠሮው ወረቀት ግን አለ፤ ቁጥሩም አለበት። መነጽሬን ሊሻን ይዛው ጸሎት ሄዳለች። ቆይ፣ ራሴ አመጣዋለሁ።»

«አባባ፣ በዚህ ዝናብ! ማራኪ ታንብበው።»

«ይህን ወረቀት ልጅ አያነበውም» አሉና ዘጉት።

ቤታቸው ከጊምቢቹ ብዙም አይርቅም፤ በሆሳዕና መንገድ ዳር ነው። አቶ አበራ በኪራይ ሞተር ሳይክል ከኋላ ተቀምጠው፣ ከኮታቸው ላይ ላስቲክ ደርበው መጡ። እታለም ሮጣ ደግፋ አወረደቻቸው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለውን ወረቀት አውጥተው ሰጧት።

«ማዘጋጃ ቤት የሆሳዕናውን ቤት ካርታ ሊሰጥሽ ነው አይደል? ጎሽ። በስምሽ አድርጊው። ለማራኪ ይሆናል።»

እታለም ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አደረገች። «አዎ» አለች።

ሃቢባ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ በራ። «ይኼ ካለማ ቀላል ነው። አሁን ማመልከቻ አጽፈሽ ነይ፤ ግልባጩ ለምን እንደተፈለገ ይጠቀስበት። ሬጅስትራሩ ይፈርሙበታል፣ ከዚያ እኔ አወጣልሻለሁ።»

ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊ ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበሩ። ከፊታቸው ባለው አግዳሚ እታለምና ሽማግሌው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጸሐፊው ስሟን፣ የቲቶን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥር ጻፉ። አጻጻፋቸው ቀስ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለው ይሉታል።

«‹...በዚህ መዝገብ ፍቺ የተወሰነልኝ ስለሆነ፣ የውሳኔው ትክክለኛ ግልባጭ...› ለምን ጉዳይ ልበል?»

«ለቤት ካርታ ነው» አሉ አቶ አበራ። «ለቤት ካርታ ብለህ ጻፍ።»

የጸሐፊው እጅ ወደ ወረቀቱ ወረደ። እታለም ብዕሩን አየች። ዝም ብትል ማንም አይጎዳም። ወረቀቱ ይወጣል፤ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ቤታቸው ይገባሉ፤ እሷም ታገባለች። ግን ከአንድ ወር በኋላ ወሬውን ከሌላ ሰው፣ ምናልባትም ገበያ መሐል ይሰሙታል። ያኔ ዛሬ በዝናብ ያመጡላትን ወረቀት ያስታውሳሉ።

«አይደለም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ጋብቻ ለመፈጸም ብለው ይጻፉልኝ።»

ጸሐፊው ቀና ብለው ሁለቱን አዩ። ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ጎንበስ ብለው ጻፉት። ይህን ጊዜ ግን ድምፅ አላወጡም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ አበራ እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ጭነው መንገዱን ያያሉ። ሲቆዩ በሀዲይሳ ቋንቋ «ማነው?» አሉ።

እሷም በሀዲይሳ መለሰች። «መልካሙ ይባላል። ብረት ሠሪ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ማራኪን ያውቃታል?»

«ያውቃታል። እሷም ትወደዋለች። አባባ፣ በስልክ መንገር ከብዶኝ ነው። ዋሸሁዎት።»

ሽማግሌው ላስቲኩን ከኮታቸው ላይ ገፈው አራግፈው አጠፉት። አንዴ አጥፈው ደግሞ ፈቱትና እንደገና አጠፉት።

«ዓመቱን ሙሉ አስቤዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «‹ይህች ልጅ እስከ መቼ ነው ብቻዋን?› እያልኩ። ግን ደግሞ ስትመጪ ደስ ይለኛል። ሁለቱም ልቤ ውስጥ ነበሩ። አሁን አንዱ ወጣ።» ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ነይ፤ ሬጅስትራሩ ለምሳ ሳይወጡ እንድረስባቸው።»

ሬጅስትራሩ ማመልከቻው ጥግ ላይ «ይሰጣቸው» ብለው ፈረሙ። ሃቢባ ከውስጥ ክፍል አቧራማ መዝገብ ይዛ ወጣች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ብዙ ጠበቁ። ቴምብር ተለጠፈበት፤ ማኅተሙ በየገጹ አረፈ። ሃቢባ ግልባጩን ለእታለም ሰጥታ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እርስዎ የአንደኛው አመልካች ወኪል ነዎት አይደል? ለእርስዎም አንድ ይውጣልዎት? የእርስዎን ዝናብ አበላሽቶታል ብላኛለች።»

«አይ ልጄ። ለእኔ ቤት አያስፈልግም።»

ወደ ሆሳዕና በሚመለሰው ሚኒባስ ሁለቱም ገቡ። አቶ አበራ መስኮቱ አጠገብ፣ እታለም ከጎናቸው ተቀመጠች። ግልባጩን ሻርፗ ውስጥ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። የመልካሙ መልእክት ስልኳ ላይ ገባ፤ «ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ነኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያስተናግዳሉ። ትደርሻለሽ?» ይላል። ሰዓቱን አየች፤ ትደርሳለች።

«የሊሻን ነገር ነው» አሉ ሽማግሌው ድንገት። «እኔ ወንድ ነኝ፤ እችለዋለሁ። እሷ ግን ለመስቀል የምትልክልሽን ቅቤ ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምራለች። አንቺ አትጨነቂ፤ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። ከበዓሉ በኋላ ይሻላል።»

«እማማ ይቆጡዎታል።»

«ትቆጣለች። ‹አንተ ነህ እዚያ ሄደህ የፈረምከው› ትለኛለች። ልክ ናት። ለምጄዋለሁ» ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ግን አልሆነላቸውም።

መንገዱ በባሕር ዛፎችና በእንሰት ጓሮዎች መካከል ይጠማዘዛል። እታለም ወይዘሮ ሊሻንን አሰበች፤ ጸሎት ውለው ሲመለሱ በእርጥብ ጫማ ደጃፍ ላይ ቆመው ባላቸውን «በዚህ ዝናብ የት ሄደህ ነው?» ሲሉ። ሽማግሌው ሲዋሹም ታያት። እንደ እሷው፣ በደግነት።

«ወራጅ አለ!» አሉ አቶ አበራ።

ሚኒባሱ ዳር ያዘ፤ ረዳቱም በሩን ከፈተ። ሽማግሌው እንድታሳልፋቸው ጉልበታቸውን ወደ መተላለፊያው አዞሩ። እታለም ተነሥታ ቀድማ ወረደች፤ እጇንም ዘረጋችላቸው።

«እህት፣ ሆሳዕና አይደለሽም እንዴ?» አለ ረዳቱ።

«ሁለታችንም ወራጅ ነን» አለች።

አቶ አበራ እጇን ይዘው እየወረዱ ፊቷን አዩ። «ልጄ፣ ሰውየው እየጠበቀሽ አይደለም?»

«ነገም ማዘጋጃ ቤት አለ» አለችና ጭቃውን አልፋ ወደ ቤታቸው በሚያስገባው የእግር መንገድ ከፊታቸው ቀደመች።