ከጉብኝቱ የቀረችው መንደር

ብሩክታዊት የእንግሊዟን የዮርክሸር አውራጃ ካርታ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ጠርዙ እንዳይጠቀለል በሻይ ኩባያዎች ይዛዋለች። አባቷ አቶ ገብረ ክርስቶስ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አጎንብሰውበታል።

«ዊትቢን በጠዋት ነው ማየት» አሉ። «ጀልባዎቹ ሲገቡ። ጭጋጉ ገና ሳይነሣ ከገደሉ አናት ላይ የፈረሰው ገዳም ብቅ ይላል፤ ዓምዶቹ ብቻ፤ ጣሪያ የለውም። ረፋድ ላይ ከደረሳችሁ ግን ሰው ይሞላዋል።»

ብሩክታዊት በእስክሪብቶ ከበበችው። ባሏ ስለሺ ከሶፋው ላይ ሆኖ በላፕቶፑ የሆቴል ዋጋ ያያል። መሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ ወደ ሊድስ ሊልከው ነበርና ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን አስከትሎ የእረፍት ጊዜያቸውን እዚያው ሊያሳልፉ ቆርጠዋል። አገሩን ለማወቅ ደግሞ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። አቶ ገብረ ክርስቶስ በወጣትነታቸው የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ሊማሩ ሊድስ ሄደው ጥቂት ዓመታት ኖረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ አውራጃ ውበት ያላወሩለት ሰው የለም። አዲስ አበባ በፋብሪካው ግቢ ሳሉ ለእንግዳ ሁሉ ይነግሩ ነበር። ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ወደ ቶሮንቶ ካመጣቻቸው በኋላም በፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር በሚኖሩበት ፎቅ፣ ሊፍት ውስጥ ለሚያገኟቸው ጎረቤቶች ሳይቀር ስለ ማልሃም ነጭ ገደል፣ ነሐሴ ላይ ኮረብታውን ሐምራዊ ስለሚያለብሰው አበባ፣ በዮርክ ከተማ የግንብ አጥር ላይ ስለሚደረገው የእግር ጉዞ ይተርካሉ።

እሳቸው እንደሚሄዱ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እንደማይሄዱ የነገራቸውም የለም። ባለፈው ሳምንት የጥቁር ጫማቸውን ሶል አስቀይረዋል።

ጣታቸውን በካርታው ላይ ከዋርፍ ወንዝ መታጠፊያ አሳረፉ። «እዚህ ግን ማደር አለብን። አንድ ሌሊት ይበቃናል።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ስለሺ ላፕቶፑን ከደነ።

«አባዬ» አለች ብሩክታዊት፤ «እኛ እኮ… ትኬቱን ቡክ ያደረግነው ለአራታችን ነው። ለጉልበትህ ከባድ ነው፤ ሁሉም ደረጃና ዳገት ነው። ኢንሹራንሱም ባንተ ዕድሜ ችግር አለው። እትዬ ኤልፍነሽን አነጋግሬያታለሁ። እስክንመለስ ፓርክዴል ሰፈር፣ እሷ ቤት ትሆናለህ፤ ደስ ብሏታል።»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ቀና አሉ። ኤልፍነሽ ታውቃለች ማለት ነው። ነገሩ ከእሳቸው በፊት ፓርክዴል ደርሷል። ማታ ማታ በዚህ ጠረጴዛ ላይ መንገዱን ሲያመላክቱ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚያምር፣ የትኛው መንደር ዳቦው እንደሚጥም ሲያስረዱ፣ የእሳቸው ማደሪያ አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። ፊታቸው ጋለ። ቁጣቸውን ግን ዋጡት፤ ከእሱ የሚብስ ነገር ነበራቸው።

«ይሁን፤ እኔ ልቅር» አሉ። «ውብአለም ጋ ግን ትሄዳላችሁ።»

ውብአለም የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ሊድስ ሳሉ ተወልዳ፣ የሚስታቸው የያለምወርቅ ሳንባ የከተማውን ጢስ አልችል ስላለ ወደተከራዩባት የወንዝ ዳር መንደር ይዘዋት ወጡ። ዓመት ሳይሞላት በሳንባ ምች ሞተች፤ እዚያው መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረች። ይህን በቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ብሩክታዊት እስክሪብቶዋን በጣቷ መሃል አገላበጠች እንጂ መልስ አልሰጠችም። የመለሰው ስለሺ ነው።

«አባባ፣ ዕውነቴን ነው፣ መንገዱን አይቼዋለሁ» አለ በለዘበ ድምፅ። «ከምንሄድበት መስመር ይወጣል። እዚያ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም። ልጆቹም አሉ። የምንሄደው ለእረፍት ነው እንጂ ለለቅሶ አይደለም።»

በክፋት አልተናገረውም። ስለ ሆቴሉ ቁርስ ሲያወራ በነበረበት ድምፅ ነው የተናገረው፤ እሳቸውን ያቃጠላቸውም ይኸው ነበር። ተነሡ። ኮታቸውን ደረቡ። ከመኝታ ክፍላቸው መሳቢያ ፓስፖርታቸውን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ።

«የት ነው አባዬ?»

«ጉልበቴን ላሠራው» አሉና በሩን ዘግተው ወጡ።

አውቶቡሱ የዶንን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ሲወርድ አቶ ገብረ ክርስቶስ መስኮቱን ቢያዩም ዛፍም ድልድይም አልታያቸውም። የሚታይ ነገር የለም። ቃሉን በአፋቸው ውስጥ ደጋግመው አኘኩት። ጣሪያው የወደቀ ገዳም ለማየት ሰው ከካናዳ ተነሥቶ ይሄዳል። የማያውቃቸው መነኮሳት የተቀበሩበት ሣር ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ ልጆቹንም ያስነሣል። የራሱ ሚስት እኅት የተኛችበት ሣር ግን ከመስመር ይወጣል። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ቦርሳዋን ሰብሰብ ስታደርግ ነው ድምፅ አውጥተው እየተናገሩ እንደነበር የገባቸው።

ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ወርደው፣ ከጸጉር ቤቱ ጎን ወዳለችው የዙበይር የጉዞ ወኪል ገቡ። ዙበይር ፀጥ ያለ፣ ጢሙን በደንብ የሚከረክም የደሴ ሰው ነው፤ የሰፈሩን ሐበሻ ሁሉ ለሠርግም ለቀብርም አገር ቤት የሚያመላልሰው እሱ ነው። ቆሞ ተቀበላቸው።

«ማንቸስተር» አሉ ሳይቀመጡ። «ከዚያ በባቡር እሄዳለሁ። ቅርብ ያለውን ቀን እይልኝ።»

«ይቀመጡ እስቲ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ። ለመቼ ነው? ከነብሩክታዊት ጋር ነው?»

«ለብቻዬ ነው።»

«ብሩክታዊት ታውቃለች?»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ፓስፖርቱን የጠረጴዛው መስተዋት ላይ አኖሩት። «ዙበይር፣ አንተ ትኬት ለመቁረጥ የልጆችህን ፈቃድ ትጠይቃለህ?»

ዙበይር አንገቱን ደፍቶ ኮምፒውተሩን መነካካት ጀመረ። ሲስተሙ ዛሬ ቀርፋፋ ነው አለ። ሻይ አስመጣ። በዚህ መሥመር በአይስላንድ በኩል የሚያልፍ አለ፣ ግን የትራንዚት ቆይታው ረዥም ነው አለ። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀ፤ ስለ አየሩ አወራ። አቶ ገብረ ክርስቶስ ሻዩን አልነኩትም። በሩ ተከፍቶ ብሩክታዊት፣ ጸጉሯን እንኳ ሳታስይዝ፣ በቤት ጫማዋ ስትገባ ሲያዩ የዘገየው ሲስተሙ እንዳልነበረ ገባቸው።

«አንተ ነህ የደወልክላት?»

«ቴክስት ነው ያደረግኩላት» አለ ዙበይር፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ እኔስ ምን እላለሁ?»

«ሁላችሁም ጠባቂዎቼ ሆናችኋል» አሉ። «ባልሽ ልጄን ከመስመር አወጣት። አንተ እኔን ታሳስረኛለህ። እኔ ምን አደረግኋችሁ? አርባ ዓመት ደመወዝ አምጥቼ አሳድጌ፣ አሁን ሻይ እያጠጡ የሚያቆዩኝ ሰው ሆንኩ?»

«አባዬ፣ ቀስ በል።»

«ቀስ አልልም። ስለሺ ባያውቅ ባዳ ነው። አንቺ ግን ዝም አልሽ። እዚያ ተቀምጠሽ ዝም አልሽ።»

ብሩክታዊት ወንበሩን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ፊቷ ቀልቷል፤ ስለሮጠች ብቻ አልነበረም።

«ዝም ያልኩት ምን እንደምል ስለማላውቅ ነው» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ውብአለም ስታወራ ነው የሰማሁህ። አገሩ፣ ገደሉ፣ አበባው ትላለህ። ሰው አገሩን የምትወድ ይመስለዋል። ለኔ የገባኝ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ስለ ዮርክሸር ማውራት ስትጀምር እማዬ ሁልጊዜ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። አንተ ግን አታቆምም። አንድ ቀን እንኳ ስለ እኔ እንደዚያ አውርተህ አታውቅም፤ ስለተወለድኩበት ሰፈር፣ ስለማንም። አሁን ደግሞ ሄጄ መቃብሯ ላይ እንድቆም ትፈልጋለህ። አልቆምም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።»

ዙበይር ተነሥቶ ወደ ውጭ ሊወጣ አሰበና እንደገና ተቀመጠ።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ያለምወርቅ ወደ ጓዳ ስትገባ ትዝ አላቸው፤ ሽንኩርት ልታይ፣ ውኃ ልትጨምር እየመሰላቸው። ስለ ሟቿ ልጃቸው በስም መናገር ስላልቻሉ ስለ ወንዙ ይናገሩ ነበር፤ ወንዙን ሲያነሡ ሚስታቸው እንደምትሰማቸውና እንደምትጽናና ያምኑ ነበር። ቁጣቸው ግን አልበረደም፤ የሚያርፍበት ብቻ አጣ።

«ድንጋይ የላትም» አሉ በመጨረሻ። «ከስኮላርሺፑ የሚተርፍ አልነበረንም። አናጢው የእንጨት መስቀል ሠራልን። በረዶ ነበር፤ እናትሽ አልጋ ላይ ነበረች፤ ሳጥኑን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቀላል ነበር። መስቀሉ ዛሬ በስብሶ ይሆናል። የት እንዳለች የምናውቀው ሁለት ነበርን። እናትሽ አረፈች። እኔ ካልሄድኩ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አይኖርም። እንደ ስለሺ አነጋገር፣ የሚታይ ነገር አይኖርም።»

 ብሩክታዊት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«እሺ፤ ንገረኝ» አለች። «የት ነው? እኔ ልወቀው።»

አቶ ገብረ ክርስቶስ አስተዋሏት። ቁጣ እንጂ ይህን አልጠበቁም ነበር። የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አድርገው በጠረጴዛው መስተዋት ላይ በጣታቸው ይሥሉ ጀመር።

«ይኸ የግቢው በር ነው። ብረት ነው፤ ሲከፈት ይጮኻል። ገባ ስትዪ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊትሽ ነው፤ ጠቁሯል፣ ድንጋዩ። በጀርባው ትዞሪያለሽ። ወንዙ ይሰማሻል። ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲህ አንድ ትልቅ ጥቁር ዛፍ አለ፣ ቅጠሉ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ። ከዛፉ…»

ጣታቸው ቆመ።

«ከዛፉ?» አለች ብሩክታዊት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በረዶው ታያቸው፤ ሳጥኑ፤ የቄሱ ጥቁር ቦት ጫማ። ዛፉም ታያቸው። ዛፉን በስተቀኝ ሲያቆሙት የቄሱ ጫማ ወደ ግራ ዞረ፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት አጥሩ ከቦታው ሄደ። እንደገና ከበሩ ጀመሩ። እንደገና ዛፉ ጋ ደረሱ፤ መቃብሩ የቱ ጋ እንደነበር ግን ጠፋባቸው።

ውጭ በዳንፎርዝ መኪኖች ያልፋሉ።  ልጃቸው እጇን ዘርግታ፣ መስተዋቱ ላይ የቆመውን ጣታቸውን ሳትነካ፣ ከጎኑ አሳረፈች።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዙበይር» አሉ፤ ድምፃቸው ከመቅጽበት አርጅቷል። «ቁረጥልኝ። ቅርብ የሚባለውን ቀን።»

ዙበይር ብሩክታዊትን አያት። ብሩክታዊት መስተዋቱን እያየች ነበር፤ ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ፣ ከዛፉ ወዲያ ያለውን።