ይጠጣ እንጂ

ኤውዶሲያ ያን አሮጌ፣ ድምፀ ወፍራም ባሪቶን ሳክስፎን ከቤልጅየም እስክታስመጣ አሳሯን በልታለች። ሻጩን ሽማግሌ በስልክ እያየችው ቁልፎቹ እንዳይንቀጠቀጡ ቡሽ አስወተፈችው፣ አንገቱን አስፈታችው፣ ሰፊ አፉን በአሮጌ ሹራብ አስጠቀጠቀችው፣ ሳጥኑን በሌላ ሳጥን አስከተተችው።

"እመቤቴ፣ ሕፃን ነው እንዴ የምልከው?" ቢላት፣

"ሕፃን እንኳ ቢወድቅ ያለቅሳል፤ ይሄ ዝም ነው የሚለው!" አለችው።

ካያዎ ወደብ ወርዳ ራሷ ተቀበለችው። የአውቶቡሱ ረዳት ከጓዝ ጋር ሊወረውረው ሲል ነጥቃው፣ ከጎኗ ወንበር ገዝታለት እስከ ከተማዋ ዋንካዮ ተራራውን አብረው ወጡ።

ይህ ሁሉ ልፋት በዶን ፎርቱናቶ ምክንያት ነው። የምትጫወትበት ኦርኬስትራ አለቃ ነው፤ ባሪቶኑንም የሚነፋው እሱ ነው። "ሴት ባሪቶን አትነፋም" እያለ ዓመታት ሲያደርቃት ኖሮ፣ በመጨረሻ "የራስሽን አምጪና በቅዱስ ሳንቲያጎ በዓል ቦታዬን እለቅልሻለሁ" አላት። እሷም አፉን ለማስያዝ ስትል የሳክስፎኑ ክርስትና አባት አደረገችው። የሠራችው ስህተት ይሄ ነው።

በዋዜማው ሙዚቀኞቹ ግቢዋ ተሰበሰቡ። እኛ ዘንድ አዲስ የገባ ሳክስፎን ሲጠመቅ ክርስትና አባቱ በጣቱ ጫፍ ቢራ ጠብ ያደርግበታል፣ አበባ ይበተንበታል፣ አለቀ። ያ ጉረኛ ግን ሞቅ ብሎታል።

"አበልጄ፣ ይጠጣ እንጂ! ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው!" ብሎ ሙሉ ጠርሙስ ቢራ የሳክስፎኑ አፍ ውስጥ ገለበጠበት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጠዋት ስትነፋው ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት የቆዳ ክዳኖች አብጠው፣ በቢራው ተጣብቀው፣ ከትንፋሽ በቀር ምንም አልወጣውም። ኤውዶሲያ በንዴት አለቀሰች። ከዚያም አንጠልጥላው አደባባይ ወጣች።

ዶን ፎርቱናቶ የራሱን ባሪቶን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠበቃት። "ያው የፈረንጅ ውራጅ ነው። ምን ይደረግ፣ ዘንድሮም እኔው እነፋለሁ።"

ደሟ ፈላ። "ውቅያኖስ ያልነካውን እርስዎ ጨረሱት!"

"አበልጄ፣ ሰው ፊት አትጩሂ።"

"እጮሃለሁ! ክርስትና አባቱ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን አሳመመው?"

ክላርኔት የሚነፋው አዛውንቱ አብዶን ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "ፎርቱናቶ፣ የክርስትና ልጅ ሲታመም የሚያስታምመው ማን እንደሆነ አንተው ታውቃለህ። እስኪድን ያንተን ስጣት፤ አለዚያ እኛም አንነፋም" አለ።

አለቃው ፊቱ ቀልቶ ማንጠልጠያውን ፈታና ባሪቶኑን ሰጣት። የታመመውን ታቅፎ ጥግ ተቀመጠ፤ በመሀረብ ክዳኖቹን ይጠርግ ጀመር።

ኤውዶሲያ በእሱ ባሪቶን አደባባዩን አንቀጠቀጠችው። ንዴቷ ግን አልበረደላትም። እኩለ ቀን ላይ የበዓሉ ደጋሽ ጠርሙስ ይዞ እየተንገዳገደ መጣና፣ "ይሄስ አይጠጣም?" ብሎ ኤውዶሲያ ወደምትነፋው ባሪቶን አፍ አዘነበለ።

ዶን ፎርቱናቶ ዘሎ ተነሥቶ የባሪቶኑን አፍ በመዳፉ ከደነው። "እብድ ነህ እንዴ? ዕቃ እኮ ነው፣ ይበላሻል!"

ኤውዶሲያ መንፋቷን አቆመች።

"አበልጄ፣ እጅዎን ያንሱ" አለችው። "ድምፄን ዘጉብኝ።"