ለጥጃ የሠራ እጅ

የከብት ሐኪሙ በሰው በሽታ ላለመግባት የሚያመልጥባት አንዲት ቀልድ ነበረችው። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ወገቡን ይዞ ወደ እሱ መጠጋቱ አይቀርም። እሱም ኮስተር ብሎ "አራት እግር ስታበቅል ና" ይላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ በሽተኛውም እየሳቀ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያቺ ቀልድ አንድ ቀን ዞራ ትነክሰኛለች ብሎ አስቦ አያውቅም።

የልጅ ልጁ የተወለደችው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። ሴት ልጁ ስንት ዓመት ለምና ያገኘቻት የመጀመሪያዋ ናት። ደስታው ገና ሳይበርድ አዋላጇ ሙቀቷን ልትለካ ሕፃኗን ገልበጥ አደረገቻትና ቴርሞሜትሩን የምታስገባበት አጣች። ሰገራ መውጫ መሆን የነበረበት ቦታ ድፍን ቆዳ ነው።

"ጡት እንዳትሰጪያት" አለች አዋላጇ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የገባው የሚወጣበት የለም። ቀዶ ሐኪም ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነው። አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። እስኪመለስ መጠበቅ ነው።"

ይሄኔ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ከብት ሐኪሙ ዞረ። መዞራቸው አይፈረድባቸውም። አምና የጎረቤት ጥጃ ልክ እንደዚሁ ተደፍና ስትወለድ፣ እሱ ግቢው መሃል በርከክ ብሎ ማደንዘዣ ወጋት፣ ቆዳዋን ቀደደ፣ የአንጀቷን ጫፍ ስቦ ከቆዳው ጋር ሰፋው። የታጎረው ሲፈነዳ እሱን ከደረቱ እስከ ጫማው ለቀለቀው፣ ሰፈርተኛውም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጥጃዋ ወዲያው ተነስታ እናቷን ጠባች። ያን ቀን ጭራዋን ይዞ የነበረው ደግሞ ይኸው አማቹ፣ የሕፃኗ አባት ነው።

"ለእርስዎ እኮ ይሄ የአንድ አፍታ ሥራ ነው" አለ አማቹ። "እኔው አይቻለሁ።"

"ያ ጥጃ ነው" አለ ሐኪሙ።

ሚስቱ ከአልጋው ራስጌ ሆና "ቢያንስ እያት እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል?" አለችው።

እሱም ሳሙና ጠየቀ። ሳሙና ሲጠይቅ የሁሉም ፊት በራ። ዝም ብሎ ሊያያት ብቻ ነበር፤ እጁ ግን በልማዱ እስከ ክርኑ ታጠበ። ሕፃኗ ሆዷ ተወጥሮ፣ ጠቦ የተሰፋ ልብስ የለበሰች ይመስል ትንፋሿ አጥሯል። በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ሆዷን ጫን አለ። ጥጃዋን ሲጫናት የአንጀቷ ጫፍ ቆዳውን ከውስጥ ገፍቶ አበጥ አድርጎት ነበር፤ ቢላው የሚያርፍበትን ቦታ ያሳየው ያ እብጠት ነው። እዚህ ግን ምንም የለም። ሕፃኗ አለቀሰች፣ አማጠች። አሁንም ምንም። አንጀቷ የሆነ ቦታ ላይ ቀርቷል፤ የት ላይ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። እየቆፈሩ መሄድ ነው፣ ያውም በፊኛዋና ክር በሚያካክሉ ጡንቻዎች መሃል።

"አንጀቷ ቅርብ ነው አባዬ?" አለች ልጁ።

"ሩቅ ነው።"

"እጅህ ግን ያውቃል።"

"እጄ የሚያውቀው ጥጃ ነው፣ ልጄ።"

የልጁ ጡት ወተት አግቷል፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሷል። ሕፃኗ ሽታውን ይዛ አፏን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች። አያትየው ይህን ማየት አቃተው። አማቹ ከግድግዳው ተነስቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

"ምንድነው የሚጠብቁት?" አለ። "ልጄ አራት እግር እስክታበቅል ነው?"

ማንም አልሳቀም።

ሐኪሙ ሊናገረው የፈለገ፣ ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበር። የጥጃዋ ቁስል ግሩም ሆኖ ዳነ። ሰገራ የሚቋጥረው ጡንቻ ግን ወይ ሲፈጥራት አልነበራትም፣ ወይ እሱ ቆርጦታል። የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። ጥጃዋ ያለማቋረጥ ያመልጣት ነበር። ጭኗ እየቆሰለ፣ ዝንብ እየወረራት ከረመች። ጎረቤትየው አንድ ቀን ጓሮ ወስዶ ካሳየው በኋላ ሸጣት፤ የገዛትም ለሥጋ ነው። ማንም አልወቀሰውም። ጥጃ እስክትወፍር ከኖረች ይበቃል። ይህን አሁን፣ በዚህች እናት ፊት፣ እንዴት ብሎ ይናገረው?

ስለዚህ ዝም አለ። ዝምታውን ፍርሃት አሉት። ፍርሃትም ነበረበት፣ ምን ይደበቃል። ሚስቱ ፊቷን አዞረችበት። አማቹ መኪና ልለምን ብሎ ወጥቶ ብቻውን ተመለሰ። የሕፃኗ ልቅሶ እየሰለለ ሄደ። እሱ ጥጉ ላይ የታጠበ እጁን ደረቱ ፊት ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ የት እንደሚያሳርፈው አላወቀም።

በመጨረሻ አምቡላንሱ መጣ። እናትና ልጅ፣ አባትየውና አዋላጇ ተሳፈሩ። ለአያት ቦታ አልነበረም። በሩ ሊዘጋ ሲል ልጁ ከተኛችበት ቀና አለች።

"አባዬ፣ ያቺ ጥጃ አደገች አይደል?"

ሁሉም አዩት፣ አማቹም ጭምር።

"አደገች" አለ።

"በቃ፣ የኔም ታድጋለች" አለችና ፈገግ ብላ ተመልሳ ተኛች።

አምቡላንሱ አቧራውን አስነስቶ መታጠፊያው ጋ ተሰወረ። ሐኪሙ እጁን ከፍ አድርጎ እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ። ሚስቱ ከውስጥ ፎጣ ይዛ መጥታ፣ ሳታየው አቀበለችው። እጁ ከደረቀ ቆይቷል፤ ቢሆንም ተቀብሎ ደጋግሞ ጠረገው።