የፈተናው ጢም

«ደግሞ ሲጠይቁህ መሬት መሬት አትይ» አለችው ሚስቱ ኮሌታውን እያስተካከለች። «ፈገግ በል። ግን አትገልፍጥ።»

ሰው ሁሉ «ቀጮ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ጥርሱን ያመመው ነው የመሰለው። ሚስቱ ወሯ ገብቷል። እሱ ሥራ ከፈታ ወዲህ የቤቱን ቀዳዳ የምትደፍነው እህቷ ናት፤ እሷም ሰሞኑን ፊቷን ማጥቆር ጀምራለች። ዛሬ ካልተቀጠረ የሚወለደውን ልጅ ምን ይዞ እንደሚቀበለው አያውቅም። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ኮሌታውን ነካ ነካ አድርጎ ገባ።

ፀጉር አስተካካይ ሲቀጠር ማን ወረቀት ያያል? ፈተናው ወንበሩ ላይ ነው። ሠራተኞቹ «ጋሼ» የሚሏቸው የፀጉር ቤቱ ጌታ አዲስ ሰው ሲመጣ ፎጣውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ራሳቸው ይቀመጣሉ። «በል ጢሜን ላጨኝ» ይላሉ፤ አለቀ። እንዲህ ያለ ፈተና የሚያወጣ ሰው ወይ ደፋር ነው፣ ወይ ነፍስ አልጣፈጠውም።

ቀጮ አረፋውን ሲቀባ ደህና ነበር። አዲስ ምላጭ አስገብቶ ቀኝ ጉንጫቸውን ጥርግ አድርጎ ወረደበት። በልቡ «ተመስገን» አለ። ሌሎቹ ሁለት ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው በመስታወቱ ያዩታል። አንገታቸው ጋ ሲደርስ ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጠየቁት።

«የድሮ ቦታህን ለምን ለቀቅህ?»

ቀጮ ክው አለ። ሚስቱ ያስጠናችው መልስ ነበረው፤ «ለለውጥ ብዬ ነው» የሚል። እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ጠዋት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደንበኛውን «ትንሽ ይታገሱኝ» ማለት አፍሮ ዝም ብሎ ቀጠለ፤ የሰውየውን አገጭ ስር ቆረጠው። ደሙ አልቆም ብሎ ሐኪም ቤት ተሮጠ። ቀጮም የዚያኑ ቀን ተባርሮ መቀሱን ጠቅልሎ ወጣ።

አሁን ያው መንቀጥቀጥ ከክንዱ ሲነሳ ታወቀው። ምላጩ ያለው ጋሼ ጉሮሮ ላይ ነው። የተጠናው መልስ ምላሱ ጫፍ ደርሷል፤ ያንን ብሎ ቢቀጥል ምናልባት ይወጣው ይሆናል። ማንቁርታቸው ከፍ ዝቅ ሲል አየ።

ምላጩን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ሰው ቆርጬ ነው የተባረርኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ አላቆምኩም። አሁንም ጀምሮኛል፤ እርስዎን ግን አልቆርጥም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ለማየት ብሎ የፀጉር ማሽኑን ያጠፋው ሠራተኛ መልሶ ማብራት ፈራ። ቀጮ ጃኬቱን ከመስቀያው አወረደ። ለሚስቱ የሚላት ጠፍቶበታል፤ አልቅስ አልቅስ አለው።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሼ፤ ዓይናቸውን አልገለጡም።

«ያው... ሥራው እንግዲህ...»

«አንተ ሰው፣ በግማሽ ጢም እኔን የት ልታስገባኝ ነው? ውሃ ጠጣና አረፍ በል። እጅህ ሲረጋ ትጨርሳለህ።»

«ባይረጋስ?»

«ባይረጋማ እንደ ቅድሙ ትነግረኛለሃ!»

ቀጮ ውሃውን ጠጣ፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። እጁ ገና ነው። ጋሼ አረፋው አገጫቸው ላይ እየደረቀ፣ አንገታቸውን እንደሰጡት ጠበቁት።