ሚስማር ያልተመታበት ግድግዳ

ልብስ ሰፊዋ ተወልዳ ባደገችበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድም ሚስማር አልነበረም። ፎቶው ሁሉ ቁም ሳጥን ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ የሟች አባቷ ካፖርት እንኳ ዕድሜ ልኩን የወንበር ጀርባ ላይ ነው የኖረው። ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም። እናቷ ጽዳት ወዳድ ናት፣ አለቀ። ደግሞ የገዛ እናቱን ጠባይ ቁጭ ብሎ የሚመረምር ማን አለ?

ማክሰኞ ጠዋት ቀያሹ ሜትሩን ይዞ መጣ፤ የሰፈሩ ቤቶች አዲስ መዝገብ ላይ እየገቡ ነበር። ለክቶ ሲጨርስ ፎርሙን የስፌት መኪናዋ ላይ ዘረጋና፣ «ቤቱን ማን ሠራው?» አላት።

«አባቴ።»

«እሱ ኩሽናውን ነው የሠራው» አለች እናቷ፣ ጥግ ካለው አልጋዋ ላይ ሆና። «ቤቱ የሰዎቹ ነው። እስክንመለስ ጠብቁልን ብለው ቁልፉን ሰጥተውን ሄዱ።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። እናቷ ካለፈው ዓመት ወዲህ ነገር ይምታታባታል፤ ምሳ በልታ አልበላሁም ትላለች፣ ለሞተ ወንድሟ በር ክፈቱለት ትላለች። ይኼም ከዚያው ነው ወይስ እውነት? አባቷ «በላቤ የሠራሁት» እያለ ነው የኖረው። ኩሽናውን ማለቱ ይሆን እንዴ?

«የትኞቹ ሰዎች፣ እማዬ? ስማቸው ማን ነው?»

«ጠፋኝ። በማውቀው ጊዜ ደግሞ የጠየቀኝ የለም።»

ቀያሹ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥራ አለበት። «እህቴ፣ ዛሬ ካልፈረምሽ ባለቤት የለውም ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ መልቀቃችሁ ነው» አላት።

ብትፈርም የሰው ቤት መቀማት ሊሆን ነው፤ ባትፈርም የታመመች እናቷን ይዛ ሜዳ ላይ መውደቋ ነው። እስክሪብቶውን እንደያዘች ግድግዳውን ዳበሰችው። አንድ ቀዳዳ የለውም።

እናቷ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና ስታያት ፊቷ በራ። «እትዬ፣ መጡ? ዘገዩብን እኮ። ይዩት፣ አንድ ሚስማር አልመታንበትም።» ልብስ ሰፊዋ ሁልጊዜ የሳጥን ቁልፍ ይመስላት የነበረውን፣ በክር የታሰረ ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ ዘረጋችላት።

«እኔ ልጅሽ ነኝ እኮ» ልትላት ብላ ተወችው። «ደህና አድርጋችሁ ጠብቃችሁልናል» አለችና ተቀበለቻት።

«ተመስገን» አለች እናቷ። ትራሷ ላይ ከመመለሷ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቀያሹ «ባለቤት» የሚለውን መስመር በጣቱ አሳያት፤ ፈረመች። ማን ሆና እንደፈረመች ግን እስከ ዛሬ ግራ ይገባታል። የአባቷ ካፖርትም አሁንም ወንበሩ ላይ ነው።