የስታመን ንጉሥ

ካርታ አዳይ ምላስ የለውም ይባላል። ውሸት ነው፤ አለን፣ ነክሰን ነው የምንይዘው። በዚያ ከሰዓት በኋላ እኔ የኔን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም።

ቫርና፣ ባሕሩ ዳር ባለው ቁማር ቤት፣ ከፀደዩ የፖከር ውድድር አሥር ሰው ቀርቷል። አንዱ ሲወጣ ዘጠኙ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ከአሥሩ አንዱ፣ ሽማግሌው ስታመን፣ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ሲሞክር ሸበተ፣ ሲሞክር ሚስቱ ቬሊና ሞተችበት። ያን ቀን ሌላ ሰው እስኪወጣ አርፎ ቢጠብቅ ይበቃው ነበር። እሱ ግን በገንዘብ ፈንታ የምንጫወትበትን ጠጠር፣ ያለውን ሁሉ፣ ወደ መሃል ገፋው።

ፊት ለፊቱ ካሊን ተቀምጧል። የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከቬሊና እጅ በልቶ ያደገ፣ ጨዋታውንም ከስታመን የተማረ። «ሽማግሌ ያለውን ሁሉ ከገፋ አይዋሽም፤ ካርታህን ጣል» ብሎ ያስተማረው ራሱ ስታመን ነው። የገፋውም በዚሁ ትምህርት ተማምኖ ነው።

መሃል ላይ ከተገለጡት ካርታዎች ትልቁ ንጉሥ ነው። ስታመን ሌላ ንጉሥ በእጁ ካለው ካሊን አለቀለት፤ ከሌለው ግን፣ በኋላ እንዳየነው፣ የካሊን ሁለት ዘጠኞች ያሸንፋሉ።

ሁለት ሰው ብቻ ሲፋጠጥ ማውራት አይከለከልም።

«ጋሼ፣ ንጉሥ አለዎት?» አለ ካሊን፣ ሱፍ እየቆረጠመ።

ስታመን ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅዎት። እትዬ ቬሊና ሲሞቱ አጠገባቸው ነበሩ አይደል?»

ሁላችንም አቀረቀርን።

«ነበርኩ» አለ ስታመን። «እጇን ይዤ ነበር።» አውራ ጣቱ የጋብቻ ቀለበቱን ቀስ ብሎ አዞረ።

«እና ንጉሥ አለዎት?»

«አለኝ እኮ ነው የምልህ፣ አንተ ልጅ። ጣለውና እንገላገል።» ጣቱ ቀለበቱን እንደገና አዞረ።

«ልየው» አለ ካሊን፣ የራሱንም ጠጠር እየገፋ።

ስታመን ካርታውን ገለጠ። ንጉሥ የለም፤ የረባ ነገርም የለም።

«አይቀየሙኝ፣ ጋሼ» አለ ካሊን። «እትዬ የሞቱ ቀን ሆስፒታል እጃቸውን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ጨዋታ ላይ ነበሩ። ሲዋሹ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ነበረብኝ።»

ከካሊን ጎን የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀ። ካርታውን ፊቱ ላይ ብበትንበት ደስ ባለኝ፤ ግን ደመወዝተኛ ነኝ፣ ጠጠሩን ሰብስቤ ለካሊን ገፋሁለት።

ስታመን ኮቱን አነሣ፤ አልለበሰውም።

«ስለ እኔ ጠይቃ ነበር?» አለ።

ካሊን ጠጠሩን እየደረደረ ነበር። «ጠይቀዋል። ‹የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ ወይ?› አሉኝ።»

«ምን አልካት?»

«ደርሷል አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሞቱት።»

ስታመን የካሊንን ጣቶች አተኩሮ አያቸው። ጣቶቹ ጠጠር ከመደርደር በቀር ምንም አላደረጉም። ዘጠኙ ተነሥተው ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ሲሄዱ ሽማግሌው እዚያው ቆሞ ነበር፤ እኔም ካርታዬን ይዤ ተከተልኳቸው።