ለመልሱ የተሠራ ቢላ

ውድነህ ቢላውን ከአሲዱ አውጥቶ በውሃ ሲያለቀልቀው መስመሮቹ ብቅ አሉ። ደማስከስ ነው፤ ሁለት ዓይነት ብረት ደራርቦ፣ በእሳት አጣብቆ፣ አጥፎ ደግሞ ቀጥቅጦ የሠራው። በልጁ በኤልዳና ሠርግ ማግስት፣ በመልሱ ላይ፣ ቁርጥ የሚቆረጥበት ነው። ቀን ቀን ዳውንታውን ዴንቨር የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውላል፤ ሰው መሆኑ ትዝ የሚለው ግን አውሮራ ያለው ጋራዡ ውስጥ ሲገባ ነው።

የቀረው እጀታው ነበር። ዋልነት የሚባለውን እንጨት ሲያነሳ፣ ወይራውን ሲያነሳ፣ ባለቤቱ አጸደ የሙሽራውን አጎት ጋሽ ሀይለማርያምን አስከትላ ገባች። ሙሽራውን ተገኝን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ልጁ ከቃላቸው ወጥቶ አያውቅም።

"ይህን ራስህ ነው የሠራኸው?" አሉ ሽማግሌው።

"ከዩቲዩብ ነው የተማረው" አለች አጸደ ቀደም ብላ። ለቸርች ሰዎችም ለጎረቤትም የምትሰጠው መልስ ይኸው ነው።

"ጎበዝ። እዚህ አገር ሐኪሙም ጠበቃውም ለመዝናኛ ብረት ይቀጠቅጣል አሉ።" ሳቅ ብለው ዋልነቱን አነሱ። "ይሄኛው ያምራል።"

"ያምራል፤ ለቁርጥ ግን ወይራ ነው። ቅባት አለው፣ ውሃም ደምም አይመጥጥም። አባቴ ከወይራ ሌላ እጀታ አስገብቶ አያውቅም።"

ምን እንዳለ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። የእንጨት ነገር ሲነሳ አፉን መጠበቅ ይረሳል።

"አባትህ?" ጋሽ ሀይለማርያም እንጨቱን አስቀምጠው መዳፋቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። "ምን ነበሩ አባትህ?"

አጸደ መሬት መሬቱን አየች።

"እኔ በሰው ዘር የምገባ አይደለሁም" አሉ ሽማግሌው። "በጌታ ሁላችንም አንድ ነን። ግን ነገ ልጅ ይወለዳል። ቀጥቃጭ ቤት ገቡ ቢባል ለዘመድ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ለተገኝስ ምን እለዋለሁ?"

የአገሬው ሰው ማረሻውን ለማሠራት የውድነህን አባት ደጅ ይጠና ነበር። ጠላ ሲሰጡት ግን ለእሱ ብቻ በተለየች ቅል ነበር። ውድነህ ያቺን ቅል ያውቃታል፤ ከእሷ ጠጥቷል። አሁን እነዚያ ሰዎች ባሕር ተሻግረው አውሮራ ድረስ የመጡበት መሰለው።

"ገበሬ ነበር" አለ። "የቢላው እጀታ ሲሰበርበት ይቀይራል፣ እንደማንኛውም ገበሬ።"

"እንዲህ በለኝ እንጂ!" ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ቆመው ጸለዩ፣ ሠርጉንም ባረኩ። አጸደ መኪናቸው ድረስ ልትሸኛቸው ወጣች።

ኤልዳና በቤቱ በኩል ባለው በር ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

"ዳዲ፣ ግራንድፓ ብላክስሚዝ ነበር አላልከኝም? ለተገኝ ቴክስት ላደርግለት ነበር እኮ። ኢትስ ሶ ኩል። ዋይ? ለምን ዋሸሃቸው?"

ለተገኝ ከተነገረ አጎትየው ጋ መድረሱ አይቀርም። ስለ አባቱ ያወራው በዚህ ዓለም ለእሷ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሕፃን እያለች።

"አልዋሸሁም" አላት። "ያ እንድትተኚ የነገርኩሽ ተረት ነው።"

"ዘ ሆል ቲንግ? ወናፉን የምትነፋለት፣ ፍንጣሪው እግሩን ያቃጠለው?"

"ሁሉም። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።"

አንዴ እንኳን እንድትከራከረው ጠበቀ።

"ኦኬ" አለችና ስልኳን ኪሷ ከታ ገባች።